የዳማ ቆዳ፦ በአንዲት ጊኒ ፒግ ላይ የተገኙ ሁለት በሽታዎች

መነሻው

ዳማ ወደ ቤተሰቡ የገባችው በጥቅምት አጋማሽ ነው። አንድ ተከራይ ቤቱን ሲለቅ ትቷት ሄደ፤ ጎረቤት አገኛት፤ የተጣሉ ትናንሽ እንስሳትን የሚሰበስብ የበጎ ፈቃድ ቡድን ተረከባት። ቡድኑ ቋሚ ባለቤት እስኪገኝላት በጊዜያዊነት የሚያሳድጋት ሲፈልግ፣ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ የኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ፈቃደኛ ሆነ። እናት፣ ሁለት ሴት ልጆችና ከጎጃም የመጡ አያት ናቸው። በቤቱ ቀድሞውኑ ሁለት ሴት ጊኒ ፒጎች ነበሩ። ለአዲሷ ስም ያወጡላት አያትየው ናቸው፤ መልኳ የዳማ ፈረስ መልክ ነው ብለው።

እኔ ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ተምሬ፣ አሁን እዚህ አገር በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ በረዳትነት እሠራለሁ። ለዳማ ያዘዝኩት መድኃኒት የለም፤ የገባሁበት እንደ ቤተሰቡ ወዳጅ ነው። ጉዳዩን የምጽፈው ግን እያንዳንዱ እርምጃ ሲወሰድ ትክክል ይመስል ስለነበር፣ እንስሳዋ ግን በዚያው ምክንያት ለአንድ ወር ያህል ሳያስፈልግ ስለተሠቃየች ነው።

ለማያውቃት አንባቢ፦ ጊኒ ፒግ በስሟ አሳማ ትባል እንጂ ከአሳማ ጋር ዝምድና የላትም። ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የመጣች፣ ጅራት የሌላት፣ ሣር በል እንስሳ ናት። ፔሩና ኢኳዶር ውስጥ እስከ ዛሬ ለሥጋዋ ትረባለች፤ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ደግሞ የልጆች የቤት እንስሳ ናት። ጤነኛ ከሆነች ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ትኖራለች።

በመጀመሪያው ቀን የታየው

ዳማ ስትመጣ 690 ግራም ትመዝን ነበር። ዕድሜዋ በግምት ሦስት ዓመት ነው። የኖረችው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሲሆን፣ ጉዝጓዟ ሽታው አፍንጫን የሚከነክን የጥድ ፍቅፋቂ ነበር። ምግቧ ጊዜው ያለፈበት የከረጢት እንክብል ብቻ ነው፤ ድርቆሽ አልነበረም። ጥፍሮቿ አድገው ወደ ውስጥ ታጥፈዋል። ስትራመድ የኋላ እግሮቿን እየጎተተች ነበር።

ቆዳዋን በተመለከተ በመዝገቡ የሰፈረው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ፀጉሯ ረግፏል፣ ቆዳዋ ደርቋል፣ ታካለች።» ደግነቱ ትልቋ ልጅ በዚያው ዕለት በስልኳ 14 ፎቶግራፎች አንስታ ነበር። በትከሻዎቿ መካከል የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ተመልጧል፤ ቢጫ ያዘለ ነጭ ቅርፊት ከፀጉሯ ሥር ተነባብሮ ይታያል። ሌሎቹ ፎቶዎች ላይ ያለውን ሌላ ነገር ያየነው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ግምት

በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ሄጄ አየኋት። ሁለት ነገር ወዲያው ወደ አእምሮዬ መጣ። አንዱ ጉዝጓዙ ነው፤ የጥድ እንጨት የሚተነው ዘይት የእነዚህን እንስሳት መተንፈሻና ቆዳ ይቆጣል። ሌላው የቫይታሚን ሲ እጥረት ነው። ጊኒ ፒግ ልክ እንደ ሰው ቫይታሚን ሲን በሰውነቷ ውስጥ መሥራት አትችልም። ከምግብ ካላገኘች በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ፀጉሯ ይጎሳቆላል፣ መገጣጠሚያዎቿ ያብጣሉ፣ መራመድ ያማታል። በእንክብል ምግብ ውስጥ የሚጨመረው ቫይታሚን ደግሞ በመጋዘን ሲቆይ እየጠፋ ይሄዳል፤ የከረጢቱ ጊዜ ካለፈ ስሙ እንጂ ቫይታሚኑ የለም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ጉዝጓዙ ወጥቶ ለስላሳ ጨርቅና የወረቀት ጉዝጓዝ ተተካ። ድርቆሽ ቀኑን ሙሉ እንዲቀርብላት ተደረገ። ከቀይ የፈረንጅ ቃሪያ በየቀኑ አንድ ቁራጭ ተሰጣት፤ በክብደት ሲነጻጸር በቫይታሚን ሲ ከብርቱካን ይበልጣል። እናትየው ቀድመው ቫይታሚኑን በመጠጥ ውሃዋ ላይ ያንጠባጥቡ ነበር፤ በውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚበላሽና ምን ያህል እንደጠጣች ስለማይታወቅ ያንን አስቆምን። በምትኩ በቀጥታ በአፏ የሚሰጥ የተመጠነ ፈሳሽ ተያዘላት። አበሻ ጎመንም ትወዳለች፤ በቫይታሚን የበለጸገ ነው፤ ግን ካልሲየሙ ብዙ ስለሆነ ከበዛ ለፊኛ ጠጠር ያጋልጣል። በሳምንት ሁለት ቅጠል ብቻ ተፈቀደ።

በ12ኛው ቀን አረማመዷ ተስተካከለ፤ ክብደቷ 730 ግራም ደረሰ። ደስታችን ትልቅ ነበር። እጥረቱ እውነተኛ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ነገር ግን እከካው ባሰ።

እዚህ ላይ ስለ አያትየው መናገር አለብኝ። በሁለተኛው ቀን ከዳማ ፊት ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «ይቺ እኮ እከክ ይዟት ነው። በግ እንዲህ ሲያደርገው አይቻለሁ» ብለው ነበር። ማንም ልብ አላለውም። እርሳቸውም በሚያውቁት መንገድ ለመርዳት በአምስተኛውና በስድስተኛው ቀን ለጋ ቅቤ ጀርባዋን ቀቧት። ቅርፊቱ ለሰለሰና ረገፈ፤ ለጥቂት ቀናት የዳነች መሰለች። እከካው ግን አልቀነሰም፤ እርሷም ቅቤውን እየላሰች ሆዷ ተረበሸ።

ፈንገስ ነው የተባለበት ጊዜ

በ13ኛው ቀን በአቅራቢያ ወዳለ ክሊኒክ ተወሰደች። በአብዛኛው ውሻና ድመት የሚታይበት ቦታ ነው። ሐኪሙ ጭርት ጠረጠረ። ጥርጣሬው ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ጭርት በጊኒ ፒጎች የተለመደ ነው፣ ወደ ልጆችም ይተላለፋል። በአልትራቫዮሌት መብራት ቆዳዋ ታየ፤ የሚያበራ ነገር አልተገኘም። ይህ ግን ጭርት የለም ማለት አልነበረም። በዚያ መብራት የሚያበራው በዋናነት ድመትና ውሻ ላይ የሚገኘው ዓይነት ሲሆን፣ ጊኒ ፒጎችን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ትራይኮፋይተን የሚባለው ፈንገስ አያበራም። ሐኪሙ ይህንን ስለሚያውቅ ፀጉር ነቅሎ ለፈንገስ ምርመራ ላከ፤ ውጤቱ ሦስት ሳምንት ሊወስድ እንደሚችልም ነገራቸው። ለጥገኛ ተባይ ደግሞ ከቅርፊቱ ላይ በማጣበቂያ ፕላስተር ናሙና ወሰደ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ምንም የለም። በመዝገቡ ላይ «ተባይ አልተገኘም» ተብሎ ተጻፈ፤ ውጤቱ እስኪመጣ የፈንገስ ቅባትና የመታጠቢያ መድኃኒት ታዘዘ።

በቤተሰቡ ዘንድም በእኔም ዘንድ «ተባይ አልተገኘም» የሚለው «ተባይ የለም» ሆኖ ተነበበ። ከሁሉም በላይ ጊዜ ያባከነብን ይህ ንባብ ነው።

በ18ኛው ቀን ዳማ ትከሻዋን በጥፍሯ ቧጥጣ አቆሰለች። እናትየው ማታ ደወሉልኝ። ከትንሿ ልጅ የጉሮሮ ሕመም የተረፈ አሞክሲሲሊን ሽሮፕ በማቀዝቀዣ ውስጥ አለ፤ ጥቂት ብንሰጣትስ? አሉ። የፔኒሲሊን ወገን የሆኑ መድኃኒቶች ጊኒ ፒግ በአፍ ስትወስዳቸው የአንጀቷን ጠቃሚ ባክቴሪያ ያጠፋሉ፤ በምትኩ መርዝ የሚያመነጩት ይባዛሉ፤ በቀናት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። በዚያች ሌሊት ስልኩ ባይደወል ኖሮ ይህ ጽሑፍ ሌላ ጽሑፍ ይሆን ነበር። ቁስሉ በጨው ውሃ ታጠበ፤ ጥፍሮቿ ተቆረጡ።

በ24ኛው ቀን በታዘዘው መድኃኒት ሲያጥቧት አንገቷ ወደ ኋላ ታጠፈ፣ እግሮቿ ተንፈራገጡ፣ ዓይኖቿ ቀሩ። ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው የቆየው። ትንሿ ልጅ ሞተች ብላ ጮኸች። በማግስቱ ጀርባዋን በጣት ሲነኳት ያው ተደገመ። ቤተሰቡ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ አሰበ።

የልጅቷ ክንድ

በ27ኛው ቀን ሄድኩ። ትንሿ ልጅ ዳማን በጨርቅ ጠቅልላ በግራ ክንዷ ላይ አስተኝታ ተቀምጣ ነበር። ስታወራኝ በቀኝ እጇ የግራ ክንዷን ውስጠኛ ክፍል ታክ ነበር። እጅጌዋን እንድትሰበስብ ጠየቅኋት። ከክርኗ እስከ አንጓዋ ድረስ ቀያይ ነጠብጣቦች አሉ፤ ሸሚዟን ገለጥ ስታደርግ እንስሳዋ በምታርፍበት የሆዷ ቦታ ላይም ነበሩ። በቀኝ ክንዷ ላይ አንድም የለም። «ማታ ማታ ይበላኛል፤ ሁለት ሳምንት ሆኖታል» አለች። የልጆች ሐኪም የድርቆሽ አለርጂ ነው ብሏት ነበር። ድርቆሹን ለሦስቱም ጊኒ ፒጎች ጠዋትና ማታ የምታቀርበው ግን ትልቋ ልጅ ናት፤ እርሷ ምንም አልነካትም።

በዚያች ቅጽበት ነገሩ ሁሉ በአንድ መስመር ተሰለፈ። ፍጹም እረፍት የሚነሳ እከካ፣ በጀርባና በትከሻ ላይ የሚጀምር ቅርፊት፣ ሲነካ የሚመጣ መንፈራገጥ፣ ይዟት በሚውል ሰው ክንድ ላይ የሚወጣ ሽፍታ። ይህ ትራይክሳካረስ ካቪኤ የሚባለው የእከክ ተባይ መገለጫ ነው። በሰው ላይ እከክ ከሚያመጣው ተባይ ጋር ይዛመዳል፤ ቆዳ ውስጥ ጎድጓድ እየቆፈረ ይኖራል፤ እንቁላሉን እዚያው ይጥላል። መንፈራገጡ የሚጥል በሽታ ሳይሆን ከእከካውና ከሕመሙ ብርታት የሚመጣ ነው። በሰው ቆዳ ላይ ሊያሳክክ ይችላል እንጂ አይራባም።

እኔ ይህንን ልስተው የማይገባ ሰው ነበርኩ። በተማሪነቴ የቆዳ ፋብሪካ ሄደን አይተናል፤ የኢትዮጵያ የበግና የፍየል ቆዳ ነጋዴዎች «እከክ» የሚሉት ጉድለት አለ። ፀጉሩ ሲነሳ ቆዳው ላይ እንደ ወንፊት የተበተኑ ትናንሽ ጠባሳዎች ይታያሉ፤ የቆዳውን ዋጋ ይጥለዋል። መነሻው የውጭ ጥገኛ ተባይ ነው። እንስሳው በሕይወት ሳለ ላዩ ጤነኛ የሚመስልበት ጊዜ አለ። አያትየው በበግ ያዩትን፣ እኔም በፋብሪካ ያየሁትን፣ ሁለታችንም እናውቀው ነበር። እርሳቸው ተናገሩ፤ እኔ አልሰማሁም።

ጥልቁ ናሙና

በ29ኛው ቀን ትናንሽ የቤት እንስሳትን ወደምታክም ሌላ ሐኪም ተወሰደች። ሐኪሟ የልጅቷን ክንድ ፎቶግራፍ አይታ ናሙናውን ራሷ ወሰደች። ልዩነቱ አወሳሰዱ ላይ ነው። ከመላጣው መሃል ሳይሆን ከዳሩ፣ ጤነኛው ቆዳ ከታመመው ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ጀመረች። ምላጩን በማዕድን ዘይት አርሳ፣ ቆዳው ላይ ጤዛ የመሰለ ደም ብቅ እስኪል ድረስ ፋቀች። ይህንን ከሦስት ቦታ ደገመች። ሁለቱ ባዶ ነበሩ። በሦስተኛው የማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ እግሮቹ አጫጭር የሆኑ፣ ክብ ገላ ያለው አንድ ተባይና አጠገቡ ሁለት እንቁላሎች ታዩ። ሐኪሟ ባይገኝም ኖሮ ሕክምናውን እንደምትጀምር ነገረችን፤ ይህ ተባይ በጥልቅ ናሙናም ቢሆን ብዙ ጊዜ ስለሚሰወር ምልክቱ ካለ ባዶ መስታወት አያግድም አለች።

ሕክምናው የአይቨርመክቲን መርፌ ነበር፤ በ29ኛው፣ በ43ኛውና በ57ኛው ቀን። ሦስት ጊዜ የሆነበት ምክንያት መድኃኒቱ እንቁላሉን ስለማይገድል ነው፤ የተፈለፈለው ሳያድግ መድረስ ያስፈልጋል። ሁለቱ የቤቱ ጊኒ ፒጎችም ምልክት ባይታይባቸውም አብረው ታከሙ። ጨርቆቹ በሙቅ ውሃ ታጠቡ፤ የእንጨት መደበቂያዎቹ ተጣሉ።

መጠኑን እዚህ የማልጽፈው በምክንያት ነው። እናትየው ከአንድ ዘመድ ለከብት የሚሆን አይቨርመክቲን ቀርቦላቸው ነበር። ያ መድኃኒት በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ የሚሰጠውም ለ50 ኪሎ ከብት አንድ ሚሊ ሊትር ነው። በዚሁ ስሌት 700 ግራም ለምትመዝን እንስሳ የሚደርሳት 0.014 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ የአንድ ጠብታ ሲሦ እንኳን አይሞላም። ይህንን በቤት መርፌ መለካት አይቻልም። ሐኪሟ አቅጥና ነው የሰጠችው።

በ34ኛው ቀን የፈንገስ ምርመራው ውጤት መጣ፤ ምንም አልበቀለም። በ39ኛው ቀን እናትየው ደውለው «ዛሬ ሌሊቱን ሙሉ ተኛች» አሉኝ። ከመጣች ጀምሮ ሲያካት የሚሰማው የሣጥኑ ኳኳታ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ። መንፈራገጡም ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። የልጅቷ ሽፍታ ያለ ተጨማሪ መድኃኒት በሦስት ሳምንት ውስጥ ጠፋ።

ያልበቀለው ፀጉር

ጉዳዩ እዚህ ያለቀ መስሎን ነበር። በ57ኛው ቀን ጀርባዋና ትከሻዋ በአዲስ ቡናማ ፀጉር ተሸፍኗል። ጎኖቿ ግን መላጣ ናቸው። ቆዳው ንጹሕ ነው፤ ቅርፊት የለውም፤ አታከውም። ክብደቷ 860 ግራም ደርሷል።

ቤተሰቡ አራተኛ መርፌ ጠየቀ። ሐኪሟ በምትኩ የመጀመሪያውን ቀን ፎቶግራፎች እንድናመጣ ጠየቀች። ተቀምጠን አንድ በአንድ አየናቸው። በዘጠነኛውና በአሥረኛው ፎቶ ላይ፣ ገና በመጣችበት ዕለት፣ በግራም በቀኝም ጎኗ ላይ ፀጉሩ ሳስቶ ነበር። ሁለቱ ጎኖች በመስታወት ተያይተው የተሣሉ ይመስላሉ። በዚያ ቦታ ቅርፊት የለም፤ የጥፍር ጭረትም የለም። ከተመለጠው ትከሻዋ ጋር በአንድ ቃል «ፀጉሯ ረግፏል» ብለን አጠቃለልነው እንጂ ሌላ ነገር ነበር።

በሁለቱም ጎን እኩል የሚሳሳ፣ የማያሳክክ የፀጉር መርገፍ፣ ዕድሜዋ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ በሆነች ሴት ጊኒ ፒግ ላይ ሲታይ በቅድሚያ የሚጠረጠረው በእንቁላል ማኅደሯ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው። በዚህ እንስሳ ላይ እጅግ የተለመደ ነው። ከረጢቱ ሆርሞን ሲያመነጭ ፀጉሩን ያረግፈዋል። የጡቶቿ ጫፍ ላይ ትንሽ ቅርፊት መኖሩንም አስተውለን «ደረቅ ቆዳ» ብለን አልፈነው ነበር። ሆዷ ክብ እየሆነ ሲመጣም ወፈረች ብለን ተደስተናል።

በ66ኛው ቀን በአልትራሳውንድ ታየች፤ በግራ 3.5፣ በቀኝ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ ከረጢቶች ተገኙ። ሁለት አማራጭ ቀረበ፦ የሆርሞን መርፌ ወይም ቀዶ ሕክምና። መርፌው ለጊዜው ሊያሳንሳቸው ይችላል፤ ተመልሰው ይመጣሉ። ቀዶ ሕክምናው ነገሩን ከሥሩ ይነቅለዋል፤ ግን ለጊኒ ፒግ ማደንዘዣ ቀላል ነገር አይደለም። ቤተሰቡ ሦስት ቀን አሰበ። ክብደቷ ጥሩ ስለነበርና እከኩም ስለዳነ ቀዶ ሕክምናውን መረጡ። በ80ኛው ቀን ሁለቱም የእንቁላል ማኅደሮች ወጡ። ሐኪሟ አጥብቃ የነገረችን አንድ ነገር ነበር፦ ከቀዶ ሕክምና በፊት እንደ ውሻ እንዳትጾም፣ ከነቃችም በኋላ በሰዓታት ውስጥ እንድትበላ። የጊኒ ፒግ አንጀት ባዶ ሆኖ ከቆመ መልሶ ማስነሳቱ ይከብዳል። ትልቋ ልጅ ያን ሌሊት የተፈጨ ድርቆሽ በመርፌ ቱቦ እያጎረሰቻት አደረች።

የረዳው፣ ያልረዳውና የተሻገረው

ምግቡን ማስተካከል እግሯን አዳነ፤ ቆዳዋን አላዳነም። የፈንገስ ቅባቱ ምንም አልጠቀመም፤ ማጠቡ ደግሞ ጎዳት። ቅቤው ቅርፊቱን አንስቶ ቆዳውን አሳመረው፤ ከሳምንት በኋላ የተወሰደውን ናሙና ሳያደበዝዘው አልቀረም። አይቨርመክቲኑና ቀዶ ሕክምናው ሁለቱም ሠሩ፤ እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ቦታ።

ከዚህ በኋላ በምሠራበት ቦታ የቆዳ ችግር ያለበት እንስሳ ሲመጣ ባዶ የእንስሳ ሥዕል ያለበት ወረቀት እይዛለሁ። የረገፈውን ቦታ በአንድ ቀለም፣ የሚታከከውን በሌላ ቀለም እቀባለሁ። ሁለቱ ቀለሞች ካልተደራረቡ ሁለት በሽታ ሊሆን ይችላል ብዬ እጀምራለሁ። በዳማ ላይ ይህንን በመጀመሪያው ቀን ብናደርገው ጎኖቿ አንድ ቀለም ብቻ ይኖራቸው ነበር።

የምርመራ ውጤትም ከአወሳሰዱ ጋር አብሮ መጻፍ አለበት። «ተባይ አልተገኘም» ከሚለው ይልቅ «በፕላስተር፣ ከአንድ ቦታ፣ ተባይ አልተገኘም» ቢባል ኖሮ ቀጣዩ ጥያቄ በራሱ ይመጣ ነበር። የመጀመሪያውን ሐኪም አልወቅስም፤ ያላየውን አየሁ አላለም። ያልተባለውን ያነበብነው እኛ ነን።

አንድ ስህተት ግን ዛሬም ይቆጨኛል። አዲስ የመጣ እንስሳ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ለብቻው መቆየት እንዳለበት አውቃለሁ፤ ዳማ ግን ከሌሎቹ ጋር በአንድ ክፍል ነበረች፤ ልጆቹም ከአንዷ ወደ ሌላዋ እጃቸውን ሳይታጠቡ ይሄዱ ነበር። ከሁለቱ አንዷ በ31ኛው ቀን ማከክ ጀመረች። በጊዜ መታከሟ ዕድል እንጂ ጥንቃቄ አልነበረም።

የበጎ ፈቃድ ቡድኑ ይህንን ታሪክ ከሰማ በኋላ የመቀበያ ቅጹን ለወጠ። «ፀጉሯ ረግፏል» የሚለው መስመር ወጥቶ በምትኩ የእንስሳ ሥዕል ገብቷል። ከሥሩ ሁለት ጥያቄዎች ተጨምረዋል፤ አንዱ «በቤቱ ውስጥ የሚያሳክከው ሰው አለ?» ይላል፤ ሌላው «ከቤቱ ሰዎች ከብት፣ በግ ወይም ፍየል ያረባ ሰው አለ? ምን ይላል?» ይላል። ሁለተኛውን ያስጨመሩት እናትየው ናቸው።

በ130ኛው ቀን ሁለቱም ጎኖቿ ተሸፍነዋል። ዳማ 905 ግራም ትመዝናለች። ጊዜያዊ ማሳደጊያ የሚለው ወረቀት ተቀይሯል፤ ቤቷ እዚያው ነው። አያትየው የማቀዝቀዣውን በር ሲከፍቱ ቃሪያ መምጣቱን አውቃ በቀጭን ድምፅ ታፏጫለች፤ እርሳቸውም «መጣሁ፣ መጣሁ» ይሏታል።